ከእህቴ አናት የተወሰደ ቁራጭ

መስከረም 11

ለታናሽ እህቴ፣ ለድንቢጤ፤

እንዴት ነሽልኝ? ሥራሽስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነችም። ቶሎ ስላልጻፍኩልሽ አትቀየሚኝ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ያቺ ጥያቄሽ ፊቴ ድቅን እያለች ነው ያስቸገረችኝ።

በላክሁልሽ ፎቶ ላይ "ፀጉር ሠሪ ሆነሽ ሻሽ ምን ያደርግልሻል?" ላልሽው፣ መጀመሪያ አቧራውን ፈርቼ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ለደንበኞቼ የምነግራቸው እሱን ነው። ላንቺ ግን መዋሸት አስጠላኝ።

የአናቴ መሀል ተመልጧል። ከስድስት ዓመት በፊት የሳንቲም ያህል ነበር፤ አሁን መዳፌን ካልዘረጋሁበት አይሸፈንም። ቆዳው ልስልስ ብሎ ያብለጨልጫል፤ ፀጉር በቅሎበት የሚያውቅም አይመስልም። አንዳንዴ ያቃጥለኛል፣ አንዳንዴ ጉንዳን የሚርመሰመስበት ያህል ይበላኛል። ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር አስቀምጬ ሙቀቱ ወደ እኔ ሲመጣ፣ "ኧረ ተቃጠልኩ!" ማለት የሚያምረኝ እኔን ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ስሠራ ኖሬ ራሴ መላጣ ሆኜ ቁጭ! ሳቂ፤ እኔም መስታወት ፊት ቆሜ የምስቅበት ቀን አለ። ባለፈው አንዷ ደንበኛ "የራስሽን ዓይነት ሥሪልኝ እስቲ፣ አሳዪኝ" ብላ እጇን ወደ ሻሼ ስትሰድ፣ መትቼ መለስኩት። ይቅርታ ብጠይቃትም ተመልሳ አልመጣችም።

ደግነቱ ጎፍዬ አለችልኝ። ልጄ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሞላት፤ በፀጉሯ ብዛት ያወጣንላት ስም እስካሁን ልኳ ነው። ከትምህርቷ ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ታግዘኛለች። ሴቶቹም የሚገቡት የእሷን ራስ በመስኮት አይተው ነው። በየቅዳሜው ፀጉሯን አለስልሼ፣ አጥብቄ ጎንጉኜ አሳምራታለሁ።

በየሦስት ወሩ ከተማችን የሚመጡት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ለጥቅምት ወረፋ ይዣለሁ። ከአናቴ ላይ ቁራጭ ወስደው እናንተ ላቦራቶሪ እንደሚልኩት ነርሷ ነገረችኝ። ቁራጭ ማለት ምን ያህል ነው? እውነቱን ንገሪኝ። ለእማዬ ግን እንዳታነሺባት።

ታላቅሽ


መስከረም 25

እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት ከፍቼ ምሳዬን ሳልነካው ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ መጥቼ አላየሁሽም፤ አሁን ደግሞ ይህን በወረቀት መስማቴ አሳፈረኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ቁራጭ ያሉሽ ከእርሳስ ጫፍ አይበልጥም። ቦታውን በመርፌ ያደነዝዙታል፤ ከዚያ ክብ ስለት አስጠግተው ያዞሩታል፤ አንድ ወይ ሁለት ስፌት ነው። መርፌው ይቆጠቁጥሻል፤ ከዚያ በኋላ መጎተት እንጂ ሕመም አይሰማሽም። ቁራጯ መድኃኒት ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ተነክራ ወደ እኛ ትመጣለች።

የኔ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። ውኃዋን አውጥተን ሰም እናጠጣታለን። ሰሙ ሲጠነክር ከፀጉር ዘለላ በቀጠነ ልክ እየላጥኩ አወጣታለሁ፤ ልጣጩን ለብ ያለ ውኃ ላይ አንሳፍፌ በብርጭቆ ሰሌዳ አነሳዋለሁ፤ ቀጥሎ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም አስይዘዋለሁ። በማይክሮስኮፕ አንብበው የሚፈርሙት አለቃዬ ናቸው፤ እኔ ቆራጭ ነኝ። ግን አሥራ አንድ ዓመት ስቆርጥ ዓይኔም ትንሽ ማንበብ ለምዷል።

በዓይናቸው አይተው ለምን አይነግሩኝም እንዳትይ። የተመለጠ ራስ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሥሩ ተኝቶ ነው፣ ይነቃል። አንዳንዱ ደግሞ... ሳናይ አናውራ።

እስከዚያ ራስሽን ከሙቀት አርቂው። አንድ ነገር ደግሞ እማዬን በዘዴ ጠይቂልኝ፦ በወጣትነቷ አናቷን ይበላት ነበር? ሳስበው፣ እናታችንን ያለ ሻሽ አይቻት አላውቅም። አንቺስ?

ድንቢጥሽ


ጥቅምት 9

ድንቢጤ፤

በመሀል የላክሻት አጭር ወረቀትም ደርሳኛለች። ፈራሽ ወይ ላልሽው፣ ፈርቻለሁ። ግን አለቀ፤ ወሰዱት።

ሐኪሙ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሻሼን ስፈታ ፊታቸው አልተለወጠም፤ እኔ ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ስፈታው የመጀመሪያዬ ስለነበር የማደርገው ጠፋኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ "ፀጉር ሠሪ ነኝ" አልኳቸው።

"ታዲያ እጅዎ ጥሩ ነው ማለት ነዋ" አሉኝ።

"ለሰው" አልኳቸው።

ሲሰፉኝ "በቤታችሁ እንዲህ የሆነች ሌላ ሴት አለች?" ብለው ጠየቁኝ። የለችም አልኩ። ካልኩ በኋላ ያንቺ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

እማዬን ጠይቄያታለሁ። "ምን አስጨነቀሽ? ስሞት ታዪዋለሽ" ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ሐኪሙ ተመልሰው የሚመጡት ጥር ላይ ነው። ስለዚህ የውጤቱን ወረቀት እህቴ ትቀበልልኛለች ብዬ ስምሽን አስመዝግቤያለሁ። ስታዪው እንዳለ ንገሪኝ። እንዳታሳምሪልኝ፤ ማሳመር የኔ ሙያ ነው።

ታላቅሽ


ኅዳር 2

ለውድ እህቴ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርማችኋል? አንቺስ፣ እማዬስ፣ ጎፍዬስ፣ ከሱቁ ጎን ያሉት ልብስ ሰፊውና ሚስቱስ? እዚህ ብርዱ ገብቷል። የክፍላችን መስኮት አልዘጋ ብሎ በካርቶን ደፍነነዋል። አለቃዬ አዲስ መነፅር ገዝተው አልለምድ ስላሉ አሮጌውን ከላዩ ደርበው ሲሠሩ ነው የሚውሉት፤ እንደዚያ ሆነው ብታያቸው ጎፍዬ በሳቅ ትሞት ነበር። ስለዘገየሁብሽ ይቅርታ፤ መቁረጫው ተበላሽቶ ነበር።

ውጤቱ ደህና ነው። ትንሽ ብግነት ነው፣ ያልፋል። ወረቀቱን በፖስታ ከምልከው ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ። ሐኪሙ እስኪመለሱ ምንም አታስቢ።

ሥራ ስለበዛብኝ እዚህ ላይ ላቁም።

ድንቢጥሽ


ኅዳር 20

የኔ ድንቢጥ፣ የኔ ብልጥ፤

አፍሽ ቅቤ ይጠጣ! ደብዳቤሽን ሱቁ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ደንበኛዬን ራሷን በአረፋ እንደሞላሁ ትቻት ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። "ሴትዮ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ እኮ!" ብላ ስትጮህ ነው ብቅ ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ በላክሻቸው አጫጭር ወረቀቶች መብቀል ጀመረ ወይ ላልሽው፣ ዳር ዳሩ ላይ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ነገር ያየሁ መሰለኝ። ከፊትም ከኋላም መስታወት ይዤ እነሱን ስቆጥር አንገቴ ተጣሞ ቀረ። ምነው እንዲህ ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ? አሳሰብኩሽ አይደል?

እማዬ ለውጤቱ ደንታም አልሰጣት። ጎፍዬ ግን አቅፋ ሳመችኝ። እሷም በቀደም "እማ፣ እኔም እዚህ መሀሉ ጋ ይበላኛል፣ ስታበጥሪኝ ደግሞ ያመኛል" ስትለኝ፣ "አንቺ ደግሞ የኔን በሽታ ነው የምታኪልኝ?" ብዬ ሳቅኩባት። ትንሽ ብግነት ከሆነ ያልፋል አልኳት፤ አክስትሽ ብላለች አልኳት።

በሚመጣው ሳምንት በትምህርት ቤታቸው ዝግጅት አላቸው፤ መድረክ ላይ ትወጣለች። በደንብ አለስልሼ፣ ካስክ ስር አቆይቼ፣ ጥፍንግ አድርጌ ነው የምጎነጉናት። ከኔ ልጅ በላይ ማን ሊያምር!

ታላቅሽ


ኅዳር 25

እትዬ፤

ሰላምታ ሳላቀርብ ስለጀመርኩ ይቅር በይኝ። ይህ ሲደርስሽ ጎፍዬ ካስክ ስር ካለች አስነሻት። ጉንጉኑን ፍቺላት። ማለስለሻውን አትንኪው። ለልብስ ሰፊው ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፣ መስመሩ አልገባ አለኝ። ደብዳቤውን በእጅሽ እንዲሰጥሽ ለአውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ።

ዋሽቼሻለሁ።

ቁራጭሽ የደረሰችኝ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ብልቃጧ ላይ ስምሽን ሳነብ ለባልደረባዬ ልሰጣት አሰብኩ፤ ግን ሌላ እጅ እንዲነካሽ አልፈለግኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ያለ ነገር ቆርጬ አላውቅም። ከዚያ ከአለቃዬ ቀድሜ አየሁት።

እሷን በምታክል ቁራጭ ውስጥ፣ ጤነኛ ቢሆን፣ ሠላሳ ገደማ የፀጉር ሥር ይገኛል። አራት ቆጠርኩ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከሌላኛው ጫፍ ጀምሬ ቆጠርኩ፤ አራት። የሌሎቹ ቦታቸው አለ፣ እነሱ የሉም። ቁስል ሲድን የሚተወው ዓይነት ጠጣር ነገር ተተክቶባቸዋል። ወዝ የሚያመነጩት ከረጢቶችም ጠፍተዋል። የቀሩትን አራቱንም ያው ጠባሳ ቀለበት በቀለበት እየደረበ እየጠቀለላቸው ነው፤ ዙሪያቸውን ደግሞ ሰውነታችን በጀርም ላይ የሚያዘምታቸው ሕዋሳት ወረዋቸዋል። ጀርም ግን የለም። የራስሽ ሰውነት የራስሽን ሥር ነው የሚወጋው።

አለቃዬ አንብበው "ጠባሳ የሚተው የፀጉር መርገፍ" ብለው ጻፉ።

"የማን ናት?" አሉኝ።

"የእህቴ።"

ሁለቱንም መነፅር አወለቁ። "የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን ቶሎ ከታከመች ማቆየት ይቻላል። ዛሬውኑ ንገሪያት" አሉኝ። ከዚያ ከታች አንድ መስመር ጨመሩ፦ እናት፣ እህትና ሴት ልጅ ካሏት እንዲታዩ ይመከራል።

ያንን መስመር አንብቤ ነው "ያልፋል" ብዬ የጻፍኩልሽ። ፊት ለፊት ብትጠይቂኝ ፊቴ ያሳብቅብኝ ነበር፤ ወረቀት ደግሞ አያሳብቅም። አባታችን ሲሞት ትምህርትሽን ትተሽ የሰው ራስ እየሠራሽ አስተማርሽኝ። ለዚህች ሴት "ፀጉርሽ አይመለስም" ብሎ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። እስከ ጥር ባስደስታት ምን አለበት አልኩ። ጎፍዬን አላሰብኳትም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ጎፍዬን ጭራሽ አላሰብኳትም።

ሐኪሙን አትጠብቂ። ይዘሻት ነይ።

ድንቢጥሽ


ታኅሣሥ 19

እትዬ፤

ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሹፌሩ የመጀመሪያውን በእጅሽ እንደሰጠሽ፣ ቆመሽ አንብበሽ "መልስ የለውም" እንዳልሽው ነገረኝ። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ። ጎፍዬ ታየች? አንድ ቃል ይበቃኛል።

ድንቢጥሽ


ጥር 6

ለእህቴ፤

ታይታለች።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ዝግጅቱ ካለፈ ሦስት ቀኑ ነበር። ስጎነጉናት አልቅሳለች። "ለመዋብ ትንሽ ቻይ እንጂ" ብያታለሁ። ይህን ላንቺ የምጽፈው እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ብቻዬን ይዤው መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

በማግስቱ ወደ እናንተ ከተማ ተሳፈርን። በመሥሪያ ቤትሽ በር ነው ያለፍነው። ጎፍዬ "እማ፣ አክስቴ እኮ እዚህ ናት" ብላ እጄን ጎተተችኝ። "ዛሬ አይደለም" አልኳት። ካርቶን የተለጠፈበትን መስኮት አየሁት።

ያዩዋት ሐኪም ሴት ናቸው። በማበጠሪያ ጫፍ ፀጉሯን እየከፈሉ በመብራት አዩት። የተመለጠው ቦታ የአውራ ጣት ስፋት አለው። መሀሉ ላይ የፀጉሩ መውጫ ተዘግቷል፤ ዳር ዳሩ ገና ክፍት ነው።

"ከአንድ ወር በፊት ባመጣት ኖሮ?" አልኳቸው።

"አንድ ወር ምን ያህል እንደወሰደ ማንም ሊነግርዎት አይችልም" አሉኝ። ይህችን መልስ ነው እንግዲህ ይዤ የምኖረው።

ራሷን አሥራ ሁለት ቦታ በመርፌ ወጓት። የሚዋጥም የሚቀባም ሰጧት። ማጥበቁና ሙቀቱ ብቻውን አያመጣውም፣ በዘር ይሄዳል አሉኝ። "ያባብሰዋል?" ስላቸው መጻፋቸውን ቀጠሉ። እኔ እጄን አየሁት። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያ ራስ ከዚህ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ቤት ስንመለስ ጎፍዬ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ አልነሳም አለች። እማዬ ጉልበቷን እየጎተተች መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታችው። ከአናቷ እስከ ጆሮዎቿ ድረስ ምንም የለም፤ ከሥር ብቻ ዙሪያውን ስስ ሽበት አለ። "አባታችሁ እንኳ ሳያየው ነው የሞተው" አለች። ጎፍዬ ተነስታ በጣቷ ነካችው።

"ለምን አልነገርሽንም?" አልኳት።

"የኔ ብቻ መስሎኝ" አለች።

እማዬ አርባ ዓመት ደበቀች። እኔ ስድስት ዓመት። አንቺ አንድ ወር እንኳ አልሞላሽም። የሚያቃጥለኝ ግን ያንቺው ነው፤ እኛ ሳናውቅ ነው የደበቅነው፣ አንቺ ስሙንም ሥሩንም ታውቂው ነበር።

አንድ ነገር መልሺልኝ። ስለ እኔ አዝነሽ መሆኑን አንብቤዋለሁ፤ እሱን አትድገሚልኝ። የቀረውን ንገሪኝ። የቀረ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።

እህትሽ


ጥር 19

እትዬ፤

የቀረውን ይኸው።

ያንቺን አራት ሥሮች ስቆጥር ግራ እጄ የራሴ አናት ላይ ነበር። የኔም መሀሉ መሳሳት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ሳሙናው ነው አልኩ። የስንቱን ሴት ቆዳ ስቆርጥ እየዋልኩ የራሴን መስታወት ሸሸሁ። አንቺ ጋ መምጣት የተውኩትም ለዚሁ ነው፤ ገና በር ላይ ስታቅፊኝ እጅሽ ያገኘው ነበር። ላንቺ "አይመለስም" ብዬ ከጻፍኩ ለራሴም መጻፌ ነው። "ያልፋል" ያልኩት ለሁለታችንም ነበር።

ከኔ የተወሰደውን ቁራጭ ትናንት ባልደረባዬ ቆረጠችው። አለቃዬ ጠርተውኝ ወንበር ሳቡልኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ወንበር ስበውልኝ አያውቁም። "ልንገርሽ ወይስ ራስሽ ታዪዋለሽ?" አሉኝ። ራሴ አየሁት። የቀሩኝ ሥሮች አሥራ አንድ ናቸው።

ይቅር በይኝ አልልሽም። በየሁለት ወሩ የሚወጉኝ ሐኪም ጎፍዬን ያዩዋት ሴት ናቸው። የመጀመሪያውን መርፌ ሰኞ እጀምራለሁ። ጎፍዬን ሳሚልኝ፤ ካልፈቀደች ግን ተያት።

ድንቢጥሽ


መጋቢት 12

ድንቢጤ፤

እንዴት ነሽ? ስለዘገየሁ ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት አውቄ ነው። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አንዳንዱ ስድብ ብቻ ነበር።

ጎፍዬ እንዴት ናት እያልሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ፤ ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት ቦታውን ለክተውታል። አልሰፋም። የተዘጋው እንደተዘጋ ነው። "አልሰፋም ማለት ጥሩ ዜና ነው" ሲሉኝ አመሰገንኳቸው፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄ ቦርሳዬን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ።

ቅዳሜ ዕለት ሱቁ ሰው ሞልቶ ሳለ ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። "ቁረጪኝ" አለች። ቀልድ መስሎኝ "ተራሽን ጠብቂ" አልኳት። "እማ፣ ቁረጪኝ። መሀሉን ለመሸፈን ስጎትተው መዋል ሰለቸኝ።" ሴቶቹ ዞረው አዩን። አንዷ "ኧረ ይህን የመሰለ ፀጉር!" ብላ አፏን ያዘች። መቀሱን አነሳሁ። ቆረጥኩት። መሀሉ ታየ። ሁሉም አዩት፣ እሷም በመስታወት አየችው፣ ከዚያ መጥረጊያ አንስታ የራሷን ፀጉር ጠረገችው። እኔ ያን ዕለት ማንንም መሥራት ስላልቻልኩ ዘጋሁ።

ደንበኛ ቀንሷል። አጥብቄ አልጎነጉንም፣ ያመማትን ሴት ካስክ ስር አላስቀምጥም ስላልኩ ሌላ ቤት ሄደዋል። የመጣችውን ግን ከመሥራቴ በፊት አናቷን አያለሁ። እስካሁን ሦስቱን ወደ ሐኪሙ ልኬያለሁ። ሁለቱ ሄዱ። ሦስተኛዋ "መላጣ ልታደርጊኝ ነው!" ብላ ሰድባኝ ወጣች። እውነት መናገር እንዲህ የሚያሰድብ ከሆነ እጅሽ ለምን እምቢ እንዳለሽ ትንሽ ገብቶኛል። ትንሽ ነው ያልኩት።

ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ለዚህ ቤት በቃው። ጎፍዬ ፀጉሯን በጣቷ ስትነካካ ባየሁ ቁጥር አንቺ ላይ እናደዳለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ራሴ ላይ። ይህ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ሁለተኛው መርፌ የፊታችን ሰኞ እንደሆነ ሐኪሟ ነግረውኛል። የመጀመሪያውን ብቻሽን ገብተሽ ብቻሽን እንደወጣሽም ነግረውኛል። ሰኞ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ። ሲወጉሽ እጅሽን ይዤ ጮክ ብዬ እቆጥርልሻለሁ፤ ጎፍዬ ቆጠራው ሕመሙን ያስረሳል ትላለች። ስንጨርስ እዚያው በር ላይ ስለ ጎፍዬ እንጣላለን፤ ያጠራቀምኩትን ሁሉ እነግርሻለሁ፣ አንቺም ትሰሚኛለሽ።

እስከዚያ ግን ብቻሽን እንዳትገቢ። ጠብቂኝ።

ታላቅሽ